የያዘውን የማይለቅ ቅንጣት ምግብ አያቆይም
ተፈጥሯዊ ፀረ ተሕዋስያንን በዕፅዋት ፕሮቲን ቅንጣት ውስጥ እየሸፈናችሁ ምግብን ከብልሽት ለመጠበቅ ለተነሣችሁ ወጣት ተመራማሪዎች ይህን የምጽፍላችሁ፣ ብርቱ የሆኑ ልጆች ጉልበታቸውን በሙሉ አንዲት የመቶኛ ቁጥር ከፍ በማድረግ ላይ ሲያፈሱ ማየት ስለሚያሳዝነኝ ነው። መቶኛው ቅንጣቱ ከተሰጠው ፀረ ተሕዋስያን የዕፅዋት ዘይት ምን ያህሉን በውስጡ እንዳስቀረ የሚናገር ነው፤ ባክቴሪያው ግን የሚሞተው ቅንጣቱ በለቀቀው መጠን ነው።

የጦስኝ ቲሞል፣ የቅርንፉድ ዩጂኖልና የቀረፋ ሲናማልዴሃይድ ውሃን ሸሽተው ወደ ስብ የሚጠጉ ውህዶች ናቸው። ቲሞል በዚህ ባሕርይው ወደ ባክቴሪያው ሽፋን ይዘልቃል፤ ሽፋኑ ሲላላ ፖታስየምን የመሰሉ አዮኖች ሾልከው ይወጣሉ፣ ሕዋሱ ኃይል የሚያገኝበት፣ በሽፋኑ ውስጥና ውጭ ያለው የፕሮቶን መጠን ልዩነትም ይፈርሳል። ችግራችን የሚመነጨው ከዚሁ ባሕርይ ነው። ቲሞል በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚሟሟው 1 ግራም ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ስብና ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ውስጥ ሲገባ እነዚያ ይቀራመቱታል፤ ባክቴሪያው ደግሞ በአብዛኛው የሚራባው በምግቡ የውሃ ክፍል ነው። ስለዚህ በቤተ ሙከራ ፈሳሽ ማብቀያ ውስጥ የበቃው መጠን በአይብ ውስጥ አይበቃም፤ መጠኑ ሲጨመር ደግሞ ሽታው ምግቡን የማይበላ ያደርገዋል።

የዕፅዋት ፕሮቲን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ኬሚስቱ ጆን ጎርሃም በ1821 ከበቆሎ ለይቶ የገለጸው ዜይን የተባለ ፕሮቲን በንጹሕ ውሃ አይሟሟም፤ ከ60 እስከ 90 በመቶ ኢታኖል (አልኮል) ባለበት ውሃ ግን ይሟሟል። ዜይንና ቲሞል በዚያ አብረው ተሟሙተው በኃይል በሚማሰል ውሃ ላይ ሲንቆረቆሩ ኢታኖሉ ይቀጥናል፣ ዜይኑ ተሟሙቶ መቆየት ያቅተውና ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ናኖሜትር ስፋት ባላቸው ቅንጣቶች ይሰበሰባል፣ ቲሞሉንም ይዞት ይቀራል። ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ መሆኑን እስከ ዛሬ አደንቃለሁ። ሆኖም ዜይን በፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 6.2 አካባቢ ቅንጣቶቹን የሚያራርቀውን የተጣራ የኤሌክትሪክ ቻርጁን ስለሚያጣ፣ ከዚያ ብዙ በማይርቁት እንደ ወተት ባሉ ምግቦች ውስጥ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ይዘቅጣሉ፤ ከወተት ፕሮቲን በሚሠራው ሶዲየም ኬሲኔት ወይም፣ ሁሉም ከዕፅዋት እንዲሆን ከተፈለገ፣ ከፍራፍሬ በሚገኘው ፔክቲን መሸፈን ይኖርባቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልመለስ። ዘይቱን አጥብቆ የያዘ ቅንጣት፣ ምግቡ በሚበላሽባቸው ቀናት ውስጥ በቂ መጠን ካልለቀቀ፣ ሳይሸፈን ከተጨመረ ቲሞል ያነሰ ውጤት ይሰጣል። ስለዚህ ቅንጣቱን ከመንደፋችሁ በፊት ምግቡንና ባክቴሪያውን ዕወቁ፤ ፒኤቹ ስንት ነው፣ ስቡ ምን ያህል ነው፣ የሚያሰጋችሁስ ተሕዋስ መቼ ይራባል? በምግብ የሚተላለፈው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊስቴሪያ ሞኖሳይቶጂንስ በማቀዝቀዣ ውስጥም ስለሚራባ፣ በእርሱ ላይ የሚሠራ ቅንጣት በቅዝቃዜ ለብዙ ቀናት ቀስ እያለ መልቀቅ አለበት፤ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ የተለካ የአለቃቀቅ ውጤት ለዚህ ማስረጃ አይሆንም። ቅንጣት የያዘውን ውህድ ባሕርይ እንደማይለውጥም አትርሱ። ላክቶኮከስ ላክቲስ ከተባለ ባክቴሪያ የሚገኘው ፀረ ባክቴሪያ ኒሲን፣ ተጨማሪ ውጫዊ ሽፋን ያላቸውን ግራም ኔጌቲቭ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ሽፋን አልፎ መግባት ይሳነዋል፤ ሽፋኑን የሚያላላ ሌላ ውህድ እስካልተጨመረ ድረስ፣ በፕሮቲን ስለተሸፈነ ብቻ ይህ ድክመቱ አይጠፋም።

በሙከራ ወቅት ባዶውን ቅንጣት፣ ያልተሸፈነውን ቲሞልና ኢታኖሉን ለየብቻ ፈትኗቸው፤ ፕሮቲኑ ራሱ ለባክቴሪያው ምግብ ሊሆን ይችላልና። ኢታኖሉ ሲተን ቲሞሉም አብሮ ስለሚተን፣ በቅንጣቱ ውስጥ ያለውን በቀጥታ አውጥታችሁ ለኩት እንጂ ከጨመራችሁት ላይ ውጭ የቀረውን በመቀነስ ስሌት አትገምቱት። የአኩሪ አተርና የስንዴ ፕሮቲን አለርጂ ስለሚያስነሡ ገና ከመነሻው ሊታሰብባቸው ይገባል። ቀማሾችንም ጥናቱ እስኪያልቅ ሳትጠብቁ፣ መጠኑን ስትወስኑ ጥሯቸው፤ በቅንጣት ውስጥ የተደበቀው ሽታ በአፍ ውስጥ ሲላመጥ ተመልሶ ሊወጣ ስለሚችል፣ ቀማሾቹ ምግቡን አሽትተው ብቻ እንዳይፈርዱ አደራ እላለሁ።