ማኩን አሻሻልኩ፣ ዊንዶውሱ አላትም አለኝ፦ ጥያቄና መልስ

ማክኦኤስ 15ን፣ ማለትም ሴኮያን፣ ከጫናችሁ ወዲህ ቨርቹዋል ማሽን (በማኩ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም) ውስጥ ካለው ዊንዶውስ ማተም ላቃታችሁ ነው ይህ ጥያቄና መልስ። እባካችሁ አዲስ ፕሪንተር ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ከማኩ ራሱ አንድ ገጽ አትሙ። ከወጣ ፕሪንተሩ ደህና ነው።

ጥያቄ፦ ቨርቹዋል ማሽኑን የማስኬደው ፓራለልስ በሚባለው ፕሮግራም ነው። ፕሪንተሩ ከዊንዶውሱ ላይ ጠፋ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፓራለልስ ቱልስን፣ ማለትም ዊንዶውሱን ከማኩ ጋር የሚያገናኘውን ረዳት ፕሮግራም፣ እንደገና ጫነው። ከዚያ በቨርቹዋል ማሽኑ ሴቲንግ ውስጥ የማክ ፕሪንተሮችን ለዊንዶውስ የሚያጋራው ምርጫ ላይ ምልክት መኖሩን እይ። አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ያልቃል።

ጥያቄ፦ እኔ ቨርቹዋልቦክስ የሚባለው ሌላው የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም አለኝ። የዋይፋይ ፕሪንተሬን አላይ አለኝ።

መልስ፦ ሰው ብዙ የሚደክመው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። በ2024 የወጣው ሴኮያ አንድ ፕሮግራም የቤት ኔትወርክ ላይ ያሉ ዕቃዎችን ከመንካቱ በፊት ፈቃድ ይጠይቃል። ብዙዎቻችን ደግሞ ሳናነብ «አይሆንም» እንላለን። ሲስተም ሴቲንግስ፣ ከዚያ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ከዚያ ሎካል ኔትወርክ ግባና ለቨርቹዋልቦክስ ፍቀድ። ያም ካልበቃ ችግሩ ናት (NAT) የሚባለው፣ ዊንዶውሱን ከማኩ ጀርባ በራሱ የግል ኔትወርክ የሚያስቀምጠው አሠራር ነው። ቨርቹዋልቦክስ ሌላ ካላዘዝከው በናት ይሠራል፤ ዊንዶውሱም 10.0.2.15 የሚል የራሱ አድራሻ ይይዛል። ፕሪንተሩ «እዚህ አለሁ» ብሎ የሚያሰማው ጥሪ ወደዚያ አይሻገርም። ስለዚህ ፍለጋውን ተወውና የፕሪንተሩን አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር) በእጅህ አስገባ። ብዙ የኔትወርክ ፕሪንተሮች በፖርት (የመቀበያ በር ቁጥር) 9100 ይቀበላሉ። ብሪጅድ ማድረግም፣ ማለትም ዊንዶውሱን በቀጥታ የቤቱ ኔትወርክ ላይ ማስገባትም፣ ይቻላል፤ በዋይፋይ ላይ ግን አንዳንዴ ያስቸግራል፣ እኔ አይፒውን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ከኢንቴል ማክ ወደ ኤም 2 ማክ ተሻገርኩ። የድሮው ድራይቨር (ዊንዶውሱን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) አልጫን አለ።

መልስ፦ እህቴ፣ አይጫንም፤ አትድከሚ። እዚያ ያለው ዊንዶውስ የአርም ነው፣ ማለትም እንደ ኤም 2 ላለ ቺፕ የተሠራ። የድሮ ፕሮግራሞችን አስመስሎ ያስኬዳል፣ ድራይቨር ላይ ግን ይህ አይሠራም። ከአምራቹ ድረ ገጽ የአርም 64 ድራይቨር ፈልጊ። ከሌለ በአይፒፒ (በኔትወርክ ለማተም በሚያገለግል የጋራ ደንብ) አገናኚው፤ ፕሪንተሩ ይህን የሚያውቅ ከሆነ ዊንዶውስ የራሱን ድራይቨር ይጠቀማል።

ጥያቄ፦ የዩኤስቢ ፕሪንተርስ?

መልስ፦ በአንድ ጊዜ ወይ ማኩ ይይዘዋል ወይ ዊንዶውሱ። ከቨርቹዋል ማሽኑ የዩኤስቢ ሜኑ ምረጠው።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ 11ን ከባዶ ጫንኩ። በኒያላ የጻፍኩት የማኅበራችን ደብዳቤ በሌላ ፎንት ታተመ፤ መስመሩም ተዛባ።

መልስ፦ ኒያላ አሁን ከተጨማሪዎቹ ፎንቶች አንዱ ነው። ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ ገብተሽ የኢትዮፒክ ፎንቶችን ጨምሪ። ደብዳቤው ዛሬውኑ የሚያስፈልግ ከሆነ ኒያላ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሪውና እሱን ከማኩ አትሚ።