ውዝፍ ባለበት የመኪና ብድር ላይ ሁለት ጊዜ ለከፈልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያነበብኩት ሌሊት ከሥራ ገብቼ ነው፤ ሳልመልስልሽ መተኛት አልቻልኩም። በትክክል ተረድቼሽ ከሆነ የመኪናሽ ብድር ሁለት ወር ወደ ኋላ ቀርቷል። አርብ ማታ የአንዱን ወር 486 ዶላር በስልክሽ ልትከፍዪ ስትሞክሪ አፑ ቆመብሽና ደግመሽ ነካሽው። ሰኞ ስታዪ 486 ሁለት ጊዜ ወጥቷል፤ ሁለተኛው ደግሞ የወጣው ለቤት ኪራይ ካስቀመጥሽው ገንዘብ ነበር። ደውለሽ ስትጠይቂ «ውዝፍ ስላለብሽ ለዕዳሽ አድርገነዋል» አሉሽ። አሁን ባንክሽ ዘንድ ዲስፒዩት ላድርግ (ክፍያውን በባንክ በኩል ልቃወም) ወይ ትያለሽ።

ብዙ ሰው «ያልፈቀድኩት ክፍያ ነው በያቸው፣ ይመልሱልሻል» ብሎ ይመክራል። እኔ ይህንኑ አድርጌ መኪናዬን ላጣ ነበር። እባክሽ ባንክ ከመደወልሽ በፊት ይህን አንብቢ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ኡበር ስነዳ መኪናዬ ተገጭታ ሦስት ሳምንት ጋራዥ ቆመች። ገቢ ሲቆም ፔይመንቱ አይቆምምና ሁለት ወር ወደ ኋላ ቀረሁ። በዴቢት ካርድ ከፍዬ «አልገባም ይሆናል» ብዬ ስለሰጋሁ ደገምኩት፤ ሁለቱም ገቡ። ባንክ ሄጄ ሁለተኛውን አላዘዝኩም ብዬ ቅጽ ሞላሁና ፈረምኩ። ከሳምንት በኋላ ገንዘቡ አካውንቴ ላይ ተመለሰ፤ ተመስገን ብዬ ኪራይ ከፈልኩበት።

ያ ገንዘብ ጊዜያዊ መሆኑን አልተረዳሁም ነበር። እዚህ አሜሪካ ሕጉ ቅሬታውን እንዲመረምር ለባንኩ 10 የሥራ ቀን ይሰጠዋል። በዚያ ውስጥ ካልጨረሰ ገንዘቡን ለጊዜው ይሰጥሽና እስከ 45 ቀን፣ በአንዳንድ የዴቢት ካርድ ክፍያዎች እስከ 90 ቀን ይመረምራል። በዚህ መሃል አበዳሪው ክፍያው እንደተነጠቀበት አየና ከመዝገቤ ላይ አነሳው፤ «የተመለሰ ክፍያ» ብሎ ቅጣት ጨመረበት። ከዚያ ወዲያ ካርድ አንቀበልም፣ መኒ ኦርደር ብቻ አሉኝ። እኔ ያስተካከልኩ መስሎኝ ስተኛ መዝገቡ ላይ ውዝፌ ተመልሶ ቆሞ ነበር።

አንድ ቀን ንጋት ላይ ቢጫ መብራት መስኮቴ ላይ ሲሽከረከር ነቃሁ። አበዳሪው መኪናዬን እንዲወስድ የላከው ቶው ትራክ (መኪና ጎታች) ከኋላዋ ተጠግቶ ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ከጎማው ሥር ብረት እያስገባ ነው። በነጠላ ጫማ ሮጬ ወርጄ አትነካትም አልኩት። መኪና ሲወስዱ ጸጥታ ማደፍረስ በሕግ ስለተከለከለ ለዚያ ቀን ትቶኝ ሄደ። አንቺ ግን እንደዚያ እንዳትሞክሪ፤ ሰው ይጎዳበታል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በኋላ መጣ። ባንኩ «ክፍያውን በራስህ ካርድ ራስህ ነህ ያደረግከው» ብሎ የሰጠኝን መልሶ ወሰደ፣ አካውንቴ ከዜሮ በታች ወረደ፣ ኦቨርድራፍት (ከዜሮ በታች የመውረድ ቅጣት) ተቆረጠብኝ። በዚያ ላይ ያልፈቀድኩት ነው ብዬ የፈረምኩት ወረቀት እውነት አልነበረም። እሱ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን እዪ። ኢሜይልሽን ክፈቺና ለአርብ ማታው ክፍያ ስንት የኮንፈርሜሽን (የክፍያ ማረጋገጫ) ቁጥር እንደመጣልሽ ቁጠሪ። የነገሩ ቁልፍ ያ ነው።

አንድ ቁጥር ብቻ መጥቶልሽ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ከወጣ ስህተቱ የእነሱ ነው። አንቺ አንድ ክፍያ ነው ያዘዝሽው። ከአካውንት በኤሌክትሮኒክ መንገድ በስህተት ለወጣ ገንዘብ የፌዴራሉ ሕግ ይጠብቅሻል፤ ስህተቱ ያለበት ስቴትመንት ከተላከልሽ ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ለባንክሽ ማሳወቅ ብቻ ነው የሚጠበቅብሽ። በስልክ ብትነግሪያቸውም በ10 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ አረጋግጪ ሊሉሽ ስለሚችሉ በዚያው ቀን ጻፊላቸው። ቃሉን ግን ተጠንቀቂ፦ «አልፈቀድኩም» ሳይሆን «አንድ ጊዜ ፈቅጄ ሁለት ጊዜ ተወሰደብኝ» በዪ። በባንኩ ዘንድ የሁለቱ መንገድ ለየቅል ነው።

ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ካሉ ግን ስልኩ ቢንቀራፈፍም ባይንቀራፈፍም በመዝገብ ደረጃ ሁለቴ አዝዘሻል። ውዝፉም የእውነት ዕዳሽ ስለሆነ አበዳሪው ያንቺ ያልሆነ ነገር ወሰደ ማለት ይከብዳል። እዚህ ላይ የባንክ ዲስፒዩት አይረዳሽም፤ እኔን ያደረገኝን ነው የሚያደርግሽ። ያለሽ መንገድ አበዳሪውን ራሱን መጠየቅ ነው።

ስትጠይቂ መጀመሪያ ስልክ ካነሳው ልጅ ጋር አትከራከሪ፤ እሱ ስክሪኑ ላይ የሚያየውን ነው የሚነግርሽ። ሱፐርቫይዘር ጠይቂ፣ ስሙንና ሰዓቱን ጻፊ፣ ከዚያ በራሳቸው የመልዕክት ሳጥን በጽሑፍ ድገሚው። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ በዚህ ቀን አንድ ወር ልከፍል አስቤ በሁለት ደቂቃ ልዩነት ሁለት እኩል ክፍያ ገብቷል፣ ሁለተኛው በስህተት ስለሆነ ራሳችሁ መልሱልኝ፣ ይህም የተመለሰ ክፍያ ተብሎ እንዳይመዘገብብኝ። የመጨረሻዋን ሐረግ እንዳትረሻት። እነሱ በፈቃዳቸው ሲመልሱና ባንክ ነጥቆ ሲመልስ መዝገብሽ ላይ የሚጻፈው አንድ አይደለም። የባለቤቴ እህት ባለፈው ዓመት በዚህ መንገድ ጠይቃ በስድስተኛው ቀን ተመልሶላታል። ግዴታ ስላለባቸው አይመስለኝም፤ ሁለቱ ክፍያዎች በደቂቃ ልዩነት መግባታቸውን ከእነ ስክሪን ሾቱ ስላሳየቻቸው ነው።

እምቢ ካሉሽስ? ለፌዴራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ፣ ወይም ሜሪላንድ ስለሆንሽ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የሸማቾች ክፍል ቅሬታ ማስገባት ትችያለሽ፤ ክፍያ የለውም።

አሁን አንድ ነገር ልበልሽ፣ አትቆጪኝ። ሁለተኛው 486 ጠፍቶ የቀረ ገንዘብ አይደለም። ሁለት ወር ነበረብሽ፣ ሁለት ወር ተከፈለ። የሚቀርሽ ሌት ፊ (የመዘግየት ቅጣት) ካለ እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሳትወስኚ ሁለቱን ጭንቀቶች ጎን ለጎን አድርገሽ እዪአቸው። አበዳሪው መኪናሽን ለመውሰድ ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልገውም። የቤት ባለቤትሽ ግን ሜሪላንድ ውስጥ ስለ ኪራይ ከመክሰሱ በፊት የ10 ቀን ማስታወቂያ በጽሑፍ መስጠት አለበት፣ ከዚያም ዳኛ ፊት መቅረብ አለ፤ የኪራይ ሌት ፊም ካልተከፈለው ኪራይ ከ5 ከመቶ መብለጥ አይችልም። እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን ገንዘቡን መኪናው ላይ ትቼው ለቤቱ ባለቤት ዛሬውኑ እደውልለት ነበር፤ በምን ቀን ምን ያህል እንደምከፍል ቆርጬ እነግረዋለሁ፣ የተወሰነውንም ወዲያው እሰጠዋለሁ። እቁብ ካለሽ ለእቁቡ ዳኛ ንገሪው፤ ዕጣ የደረሰው ሰው ተራውን ለተቸገረ ሲለቅ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ይህን ከመረጥሽ ግን አበዳሪው ሁለት ነገር በጽሑፍ እንዲሰጥሽ አድርጊ፦ ውዝፍሽ መዘጋቱንና የሚቀጥለው ክፍያ ቀን መቼ እንደሆነ። አንዳንዴ ሁለተኛውን ክፍያ ወደ ዋናው ብድር ይወስዱትና ውዝፉ ተከፍቶ ይቀራል፤ ያኔ ሁለት ከፍለሽ አሁንም ዘግይተሻል ትባያለሽ። ስቴትመንቱ እስኪመጣ አትጠብቂ፣ ነገ ጠዋት አረጋግጪ። አውቶፔይ (በየወሩ በራሱ የሚወጣ ክፍያ) ከከፈትሽም ለሚመጣው ወር እንዳይደገም ከቀኑ ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን ቀድመሽ አስቁሚው።

ኮንፈርሜሽን ቁጥሮቹን አይተሽ አንድ ነው ወይስ ሁለት የሚለውን ብቻ ጻፊልኝ፤ ቁጥሮቹን ራሳቸውን ግን ለማንም እንዳትልኪ። አንድ ከሆነ ለባንክሽ፣ ሁለት ከሆነ ለአበዳሪው የሚሄደውን ደብዳቤ ነገ ማታ ከሥራ እንደወጣሁ በስልክ አብረን እንጽፈዋለን።