ከቸኮሌቱ ጎን መጽሐፍ ክተቱ

በሐምሌና በነሐሴ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከውጭ አገር ባሕር ዳር ለምትመጡ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ልጄን መጀመሪያ ሳመጣት አምስት ዓመቷ ነበር። እዚያ በፀጉሯና በምሳ ዕቃዋ ትለይ የነበረችው ልጅ፣ እዚህ ደግሞ በአፏ ተለየች። አማርኛ ትሰማለች፣ መመለስ ግን ታፍራለች። የአክስቷ ልጆች «ፈረንጇ» አሏት። ክፋት አልነበረበትም፤ እሷ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ከእናቴ ቀሚስ አልተላቀቀችም።

ስለ ብቸኝነት ብዬ የገዛሁላት አንድ የሥዕል መጽሐፍ ነበረች። ከመንጋው ቀለሙ የተለየ እንስሳ አለ፤ ማንም አይጠጋውም። በመጨረሻ መንጋውን ከአደጋ ያድናል፣ ያኔ ይወዱታል። ከጣና የሚመጣው ዝናብ ከቤት አላስወጣ ሲል፣ እንግሊዝኛ የማታውቀው እናቴ ሥዕሉን ብቻ እያየች ለልጆቹ በራሷ ተረት አደረገችላቸው። ስትጨርስ ወደ እኔ ዞራ «ባያድናቸውስ ኖሮ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ስገዛ መጨረሻውን ነው ቀድሜ የማየው። የተለየው ልጅ የሚወደደው ጀግና ሲሆን ወይም ተሰጥኦ ሲያሳይ ብቻ ከሆነ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። አንዱ መጥቶ አጠገቡ ዝም ብሎ የሚቀመጥበትን ፈልጉ። ቃሉ ጥቂት ይሁን፤ እንዲያ ከሆነ አያትም «ታነበዋለች»። አብዛኞቹ 32 ገጽ ስለሆኑ ቡናው እስኪፈላ ያልቃሉ።

ብቸኛው የት እንደተሳለ አብራችሁ እዩ፦ ብዙ ጊዜ ከገጹ ጥግ፣ ትንሽ ሆኖ፣ ዙሪያው ባዶ ነው። ወዳጅ ሲያገኝ ወደ መሃል ይመጣል። ይህን ልጆች ከእኛ ቀድመው ያዩታል። ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም፣ ግድግዳው ላይ ክፉዎቹ በጎን፣ ባንድ ዓይን ብቻ መሳላቸውን ያስተዋለችው ልጄ ናት፤ «ሌላው ዓይኑ የት ሄደ?» ብላ። (ሴት ልጅ ያላችሁ፣ ጣና ደሴት ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አያስገባም። ጀልባ ስትከራዩ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ወንድሟ ገብቶ እሷ ደጅ ከቀረች የመጽሐፉ ልፋት ሁሉ ገደል ይገባል።)

አንብባችሁ ስትጨርሱ «ምን ተማርሽ?» አትበሉ። ፈተና ይሆንባታል።

በአራተኛው ቀን ልጄ ያችኑ እኔ የጠላኋትን መጽሐፍ ይዛ በረንዳ ወጣች። «ብቻዋን ነው» አለች እንስሳውን እያሳየች። የአክስቷ ልጅ «ብቻውን» ብሎ አረማትና ገጹን ገለጠላት።