አንበጣ ነሽ ያለሽ ማን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ስፌት ላይ ነው የምሠራው። የራሴን ትንሽ ልብስ ስፌት ቤት ለመክፈት ሁለት ዓመት ዕቁብ ጣልኩ። ሐምሌ 19 ለገብርኤልም ተስዬ ነበር። ዕቁቡ በደረሰኝ ሰሞን እናቴ ታመመችና ብሩ ሁሉ ለሕክምና ሄደ። እናቴ ተመስገን ድናለች፤ እኔ ግን ተስፋ ቆርጫለሁ። ጓደኞቼ «አመለካከትሽን ቀይሪ፣ እችላለሁ በይ» ይሉኛል። ይህ የእምነት ነገር ነው ወይስ የዓለም? «እግዚአብሔር አልፈቀደውም» ብዬ ብተወውስ?

መልስ፦ እኅቴ፣ በመጀመሪያ እናትሽን እንኳን እግዚአብሔር ማረልሽ።

ዛሬ ማታ ዘኁልቍ ምዕራፍ 13ን አንብቢ። ሙሴ የተስፋይቱን ምድር እንዲሰልሉ 12 ሰዎች ላከ። 40 ቀን ያዩት አንድ አገር ነው። የወይኑን ዘለላ ለሁለት በመሎጊያ ተሸክመው መጡ። ግዙፎቹንም ሰዎች ሁሉም አይተዋል። ከሰላዮቹ አንዱ ካሌብ «ግዙፍ የሚባል የለም» አላለም፤ «ማሸነፍ እንችላለን» ነው ያለው። አሥሩ ግን በገዛ ዓይናችን እንደ አንበጣ ነበርን፣ በእነርሱም ዓይን እንዲሁ ነበርን አሉ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ነው። በምን አወቁ? ሰላዮች ናቸው እኮ! ማንን ጠየቁ? አስቀድመው ራሳቸውን አንበጣ አደረጉ፤ ከዚያ ያንኑ በሌላው ዓይን ያዩት መሰላቸው።

«እግዚአብሔር አልፈቀደውም» ያልሽውም እንዲህ እንዳይሆን እፈራለሁ። ማን ነገረሽ? አንዳንዴ ፍርሃታችንን ነጠላ አልብሰን የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው እንላለን። ደግሞ ስለቱን እዪው፤ ለሱቁ ተሳልሽ፣ ያልተሳልሽላት እናትሽ ዳነች።

አመለካከትን መቀየር ከእምነት ጋር አይጣላም። ቅዱስ ጳውሎስ «በልባችሁ መታደስ ተለወጡ» ብሏል (ሮሜ 12፥2)። ግን የጓደኞችሽ ምክር አንድ ነገር ይጎድለዋል። የሰላዮቹ ታሪክ እዚያ አያልቅም። ምዕራፍ 14 መጨረሻ ላይ፣ በአሥሩ ወሬ ፈርቶ አንገባም ያለው ያው ሕዝብ ማልዶ ተነሥቶ «እንወጣለን» አለ። አመለካከቱን ቀየረ ማለት ነው! ሙሴ እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር አይደለም ቢላቸውም አልሰሙም። ታቦቱም ሙሴም ከሰፈር ሳይወጡ እነሱ ወደ ተራራው ወጡ፤ ተመትተውም ተበተኑ። «እችላለሁ» የሚለው ቃል ብቻውን ክታብ አይደለም። ባጃጅ ላይ «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» የሚል ጥቅስ ታዪ የለ? ከእሱ በፊት ያለውን ቁጥር የለጠፈ ባጃጅ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እዚያ ጳውሎስ መጥገብንም መራብንም ተምሬአለሁ ነው የሚለው። ያውም ታስሮ ሳለ።

ከየት ልጀምር ካልሽ ከቅዳሴያችን ጀምሪ። በጸሎተ አኰቴት ካህኑ «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» ይላል፤ በጎ ነገርን ያደረገልንን እናመስግነው ማለት ነው። ምክንያቱንም ይደረድራል፤ ሰውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ እስከዚህችም ሰዓት አድርሶናልና እያለ። የጎደለውን ከመለመን በፊት የተደረገውን መቁጠር ነው።

አንቺም ቁጠሪ። ሁለት ዓመት ዕቁብ ሳታጓድዪ ጥለሻል፤ በወር ደመወዝ ይህ ቀላል አይደለም። እጅሽ ሙያ ይዟል። ብሩም ቢሆን ሜዳ ላይ አልፈሰሰም። እናትህን አክብር የሚለው ተስፋ ያለው ትእዛዝ ነው (ኤፌ 6፥2)። አንቺ በኪሳራ የጻፍሽውን እኔ እዚያ አልጽፈውም።

ይህ ማለት ግን አትዘኚ ማለት አይደለም። ደክሞኛል ማለት እምነት ማጣት አይደለም፤ አልቅሺም። ለንስሐ አባትሽም ንገሪያቸው፤ ለብቻ የሚታሰብ ሐሳብ ይከብዳል።

ካሌብ ሲላክ 40 ዓመቱ ነበር። ተራራማውን አገር ስጠኝ ብሎ ኢያሱን የጠየቀው በ85 ዓመቱ ነው። መዘግየቱ የእሱ ጥፋት አልነበረም፤ በሌሎች ፍርሃት ነው። አይዞሽ፣ አንቺን 45 ዓመት ጠብቂ አልልሽም! አነስ ያለ ዕቁብ ግቢ። ሰፈርሽ ካሉት ልብስ ሰፊዎች አንዱን ከሥራ መልስ የስፌት መኪናውን እንዲያከራይሽ ጠይቂ። ዚፕ መቀየር፣ ሱሪ ማሳጠር ይበቃል ለጊዜው፤ ደንበኛ የሚገኘው እዚያ ነው። እሑድ ጠዋትን ግን ለቅዳሴ ተዪው፣ ደንበኛ ቢያኮርፍም።