ፕሮግራምሽ ሳያልቅ ዋጋ ቁረጪለት

ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርትሽን ልትጨርሺ አንድ ሴሚስተር ቀርቶሻል። ለጥርስ ክሊኒኮች የሚሆን የቀጠሮ መያዣ ፕሮግራም ለብቻሽ መሥራት ከጀመርሽ ዓመት አልፎሻል። አንድ ክሊኒክ በነጻ እየተጠቀመበት ነው፤ በየሳምንቱም «ይህችን ብቻ ጨምሪልን» ይልሻል። የገንዘብ ነገር ግን አንድም ቀን አልተነሣም። «ሳይጠናቀቅ መሸጥ ሰውን ማታለል አይሆንም? ወይስ ሁሉን ትቼ ልቀጠር?» ስትዪ ጠይቀሻል።

እኔ የምመክርሽ በዚህ ወር ውስጥ ክፍያ እንድትጠይቂ ነው። ይህን የምለው ስለ ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ሥራሽ መቋጫ ያጣው ዋጋ ስላልተቆረጠለት ነው። በነጻ የሚጠቀም ሰው የሚጠይቀውን ለመመዘን የሚያስገድደው ነገር የለም፤ አንቺም እምቢ የምትዪበት መሠረት የለሽም። ዋጋ ከተነገረ በኋላ ግን ደንበኛው ራሱ «ይህ ይቆየን፣ ያኛው ይቅደም» ማለት ይጀምራል። ለብቻው ለሚሠራ ሰው ከዚህ የበለጠ የፕሮጀክት ማስተዳደሪያ መሣሪያ አላውቅም።

የማታለሉን ነገር በቁም ነገር ማንሣትሽ ደስ ብሎኛል። ማታለል የሚሆነው የሌለውን አለ ብሎ መሸጥ ነው። ማይንክራፍት የተባለው ጨዋታ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ገና በግንባታ ላይ ሳለ ነበር፤ ገዢዎች ያላለቀ ሥራ እንደሚገዙ ያውቁ ነበር፣ ዋጋውም ያንን ያገናዘበ ነበር። ሙሉ የተባለው ስሪት የወጣው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2011 ነው። አንቺም ዛሬ የሚሠራውንና ገና የማይሠራውን በአንድ ገጽ ለይተሽ ካስቀመጥሽ ሕሊናሽ ነጻ ነው።

አንድ ነገር ከደብዳቤሽ ልውሰድ። ክሊኒኩ ለታካሚዎች የማስታወሻ አጭር መልእክት እንዲላክ ጠየቀሽ፤ «የሁለት ቀን ሥራ ነው» ብለሽ ጀመርሽው፤ ይኸው አምስተኛ ሳምንትሽን ይዘሻል። ለምን እንደሆነ አብረን እንየው። መልእክቱ በስንት ሰዓት ይላካል? ከቀጠሮው አንድ ቀን በፊት ከሆነ፣ ዛሬ ማታ ለነገ ጠዋት ቀጠሮ የያዘ ሰውስ? መልእክቱ ከሄደ በኋላ ቀጠሮው ቢሰረዝ? ሰርቨሩ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚሠራበት ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ መሃል ላይ ጠፍቶ ሲነሣ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይልክ ምን ያግደዋል? እናትና ልጅ በአንድ ስልክ ቁጥር ከተመዘገቡ መልእክቱ የማንን ስም ይጥራ? የመልእክቱን ክፍያስ ማን ይሸፍናል? ትንሽ የመሰለው ጥያቄ ስድስት ውሳኔዎች አዝሎ መጥቷል፤ አብዛኞቹ ደግሞ የክሊኒኩ እንጂ ያንቺ ውሳኔዎች አይደሉም። አንቺ ግን ሁሉንም ሌሊት ሌሊት ለብቻሽ ስትወስኚ፣ ስታፈርሺና ስትሠሪ ከረምሽ።

ከእንግዲህ አዲስ ጥያቄ ሲመጣ ኮድ ከመንካትሽ በፊት እንዲህ ያሉትን ጥያቄዎች በግማሽ ገጽ ጽፈሽ ላኪላቸው። መልስ ሲመጣ ሥራውን ከሁለት ቀን በማይበልጡ ክፍሎች ከፋፍዪው፤ የገመትሽውን ጊዜና የፈጀብሽን ጊዜ ጎን ለጎን መዝግቢ። ጥቂት ሳምንታት እንዲህ ከሠራሽ ግምትሽ ከእውነቱ በምን ያህል እንደሚያንስ ታውቂዋለሽ፤ ቀጣዩን ቀነ ገደብ የምትናገሪው በዚያ ልክ ነው። ጊዜ ሲያጥር የሥራውን ስፋት ቀንሺ፤ ሙከራውንና የመጠባበቂያ ቅጂውን ግን እንዳትነኪ። ፕሮግራምሽ የሰው የጤና መረጃ ስለሚይዝ፣ በራስሽ ኮምፒውተር ላይ ስትሞክሪ የፈጠራ ስሞችን ተጠቀሚ፤ የምትሸጪበት አገር የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ስለ ሕክምና መዝገብ የሚለውንም ፈልገሽ አንብቢ።

ዋጋ ስትተምኚ ኮድ የጻፍሽበትን ሰዓት በመቁጠር አትጀምሪ፤ ደንበኛው ስለዚያ ግድ የለውም። አንድ ጠዋት እንግዳ መቀበያው ላይ ከምትሠራዋ ሴት አጠገብ ተቀመጪና ባለፈው ወር ስንት ታካሚ ቀጠሮ ይዞ እንደቀረ ጠይቂያት። ባዶ የዋለ የሕክምና ወንበር የጠፋ ገቢ ነው፤ ፕሮግራምሽ ከዚያ ምን ያህሉን እንደሚመልስ ካወቅሽ የዋጋሽን ጣሪያ አወቅሽ ማለት ነው። ክፍያውን ወርኃዊ ወይም ዓመታዊ አድርጊው። ሰርቨሩ በየወሩ ይከፈልበታል፣ ስህተት ይታረማል፣ ስልክ ይነሣል። አንዴ ተከፍሎበት ዕድሜ ልክ ድጋፍ የሚሰጥበት ፕሮግራም ደንበኛ በጨመረ ቁጥር ሸክሙ ይከብድብሻል። የመተግበሪያ መደብሮችን ለጊዜው ተያቸው። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ዓመታዊ ገቢያቸው ከ1 ሚሊዮን ዶላር ለማይበልጥ ገንቢዎች ኮሚሽኑን ከ30 ወደ 15 በመቶ ዝቅ ማድረጉ መልካም ነው፤ የክሊኒክ ባለቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያምነው ሌላ ሐኪም ሲጠቀምበት ያየውን ነው። ሁለተኛ ደንበኛሽን በመጀመሪያው በኩል ፈልጊ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ውል አለመኖሩ ነው። በብዙ አገሮች ሕግ፣ ራሱን ችሎ የሚሠራ ሰው የጻፈው ኮድ የቅጂ መብት በጽሑፍ ካላስተላለፈው በቀር የራሱ ነው። ይህ ግን አለመግባባት ሲነሣ በቃል ብቻ የሚረጋገጥ አይደለም። ውሉ ላይ ክሊኒኩ የሚገዛው የመጠቀም ፈቃድ እንደሆነ፣ የምንጭ ኮዱ (ፕሮግራሙን የጻፍሽበት ጽሑፍ) ያንቺ እንደሆነና የታካሚዎቹ መረጃ የክሊኒኩ እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። ስትለያዩ መረጃውን በምን መልክ እንደምታስረክቢም ጨምሪበት፤ ይህ ነጥብ ደንበኛን ከምንም በላይ ያረጋጋል። የተጠቀምሽባቸውን የክፍት ምንጭ ኮዶች፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ማንም እንዲጠቀምባቸው በይፋ የለቀቋቸውን ኮዶች፣ ፈቃድም ፈትሺ። ኤምአይቲ በተባለው ፈቃድ የወጣ ኮድ የባለመብቱን ማስታወቂያና የፈቃዱን ጽሑፍ እንድታቆዪ ብቻ ይጠይቃል፤ ጂፒኤል በተባለው ፈቃድ የወጣውን አዋሕደሽ ፕሮግራሙን ለሌላ ካከፋፈልሽ ግን የራስሽንም ምንጭ ኮድ በዚያው ፈቃድ መስጠት ሊኖርብሽ ይችላል።

የመቀጠሩን ጉዳይ በተመለከተ፣ በአንድ ደንበኛ ላይ ኑሮን መመሥረት አልመክርም። ሥራ ካገኘሽ ተቀጠሪ፤ ፕሮግራሙን በትርፍ ጊዜሽ ይዘሽ ቆዪ። ነገር ግን የቅጥር ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ስለ ፈጠራ ባለቤትነት የሚናገረውን አንቀጽ ቃል በቃል አንብቢ። አንዳንድ ውሎች ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚሠራውንም የአሠሪው ያደርጉታል። ፕሮግራምሽን በስሙ ጠቅሰሽ ከዚያ አንቀጽ ውጭ እንዲደረግ ጠይቂ፤ ይህን መጠየቅ የተለመደ ነው፣ ማንም አይቆጣሽም። ዩኒቨርሲቲሽም በተማሪዎች ሥራ ላይ መብት የሚጠይቅ ደንብ እንዳለው ከመመረቅሽ በፊት አጣሪ።

ለክሊኒኩ ባለቤት የምትጽፊው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይለፍ፦ አሁን የሚሠራው፣ ገና የሚቀረው፣ ወርኃዊው ዋጋ፣ ክፍያው የሚጀምርበት ቀን። «አንከፍልም» ካሉሽ አትሟገቺ፤ ከሚጠቀሙበት ውስጥ የትኛው ቢቋረጥ ሥራቸው እንደሚስተጓጎል ጠይቂያቸው። «ምንም» ካሉሽ ለሌላ ክሊኒክ አሳዪው። አንድ ነገር ከጠቀሱልሽ ግን ቀጣዩ ስሪት እርሱን ብቻ ይያዝ፤ ዋጋውንም ለእርሱ ቁረጪ።