ያለ ጠበቃ በሥራ ክርክር ችሎት

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከሁለት ወር በፊት «ከሥራ ቀርተሃል» የሚል የስንብት ደብዳቤ ሰጡኝ። ድርጅቱ ጠበቃ አለው፤ እኔ አቅሙ የለኝም። ብቻዬን ብከስ ዳኛው ይሰሙኛል ወይስ ልፋት ብቻ ነው?

መልስ፦ ይሰሙዎታል። ራስዎ ከሰው ራስዎ መከራከር ይችላሉ፤ የሥራ ክርክር ስለሆነ የዳኝነት ክፍያም አይጠየቁም። ከሁሉ በፊት ግን ቀኑን ይቁጠሩ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው ስላለፈ አይሰማም። ከስንብቱ ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ 6 ወር አለው። የተሰናበቱት ኅዳር 5 ከሆነ የካቲት 5 ሳይደርስ መዝገብ ይክፈቱ። ብዙ ሰው ለሥራ አስኪያጁ አቤቱታ ይጽፍና «እናየዋለን» የሚል መልስ ይዞ ይቀመጣል። አቤቱታ ይርጋውን አያቋርጥም፤ አሠሪው መብትዎን በጽሑፍ ካላመነ በስተቀር ቀኑ እየሄደ ነው።

ዳኛው ክሱንና መልሱን ካዩ በኋላ የታመነውን ከተካደው ለመለየት ሁለቱንም ወገን ይጠይቃሉ፤ ከዚያም ጭብጥ፣ ማለትም መወሰን ያለበትን አከራካሪ ነጥብ፣ ይይዛሉ። «አልገባኝም፣ ይብራራልኝ» ማለት ነውር የለውም። ያልጠየቁትን ዳኝነት (ይወሰንልኝ ያላሉትን) ግን ሊሰጡዎት አይችሉም። ጠበቃ የሌለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው አንደበት በማጣቱ ሳይሆን ክሱ ላይ አንድ መስመር በመርሳቱ ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ክፍል እንዲህ ይጻፉት፦ «ውሌ የተቋረጠው ከሕግ ውጪ ነው ተብሎ ከውዝፍ ደመወዝ ጋር ወደ ሥራ እንድመለስ፤ ይህ ከታለፈ በአማራጭ ካሳ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ፣ የሥራ ስንብት ክፍያና ያልተጠቀምኩበት የዓመት ፈቃድ እንዲከፈለኝ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃም እንዲሰጠኝ»። ውዝፉ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከ6 ወር ደመወዝ አይበልጥም፤ የዓመት ደመወዝ ብለው አይድከሙ።

ስለ መቅረቱም ቢሆን፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት መቅረት ብቻውን አይበቃም። በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀን፣ ያውም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ መሆን አለበት። ማስጠንቀቂያ ካልደረሰዎት ክሱ ላይ በግልጽ ይጻፉት። አሠሪው ምክንያቱን ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀን ካሳለፈም የማሰናበት መብቱ ይቀራል፤ ቀሩበት የተባለውን ቀን ከደብዳቤው ቀን ጋር ያስተያዩ።

ክስ መጻፉ ከከበደዎት የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎች አሏቸው። የሠራተኛ ማኅበር አባል ከሆኑ ማኅበሩ ሊወክልዎት ይችላል።

ጥያቄ፦ የሰዓት ፊርማውም ፔሮሉም በአሠሪዬ እጅ ነው። በምን አስረዳለሁ?

መልስ፦ በማስረጃ ዝርዝር። ከክሱ ጋር አብሮ ይገባል፤ የምስክሮች ሙሉ ስም፣ አድራሻና የሚመሰክሩበት ነገር፣ የሰነዶችም ዓይነትና ቁጥር ይሰፍርበታል። እጅዎ ላይ የሌለውንም ይቁጠሩት፦ «በተከሳሽ እጅ የሚገኝ የመስከረምና የጥቅምት ወር የሰዓት ፊርማ፤ ተከሳሹ እንዲያቀርብ ይታዘዝልኝ»። ለምን እንደሚያስፈልግ በቃለ መሐላ (እውነት ነው ብለው ምለው በፈረሙበት ጽሑፍ) ያስደግፉ። «የግል ማህደሬ በሙሉ ይቅረብ» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ውድቅ ይሆናል፤ ወሩንና የሰነዱን ዓይነት የጠቀሰ ግን ትዕዛዝ ያገኛል። ደመወዝዎ በባንክ ይገባ ከነበረ መግለጫውን ራስዎ ያውጡ። በዝርዝሩ ያልገባ ማስረጃ በኋላ የሚቀበሉዎት በቂ ምክንያት ካለዎት ብቻ ነው።

የድርጅቱ መልስ ላይ «የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ» የሚል ርዕስ ካዩ ዘልለው አይለፉት። «በይርጋ ይታገዳል» ወይም «የሥራ መሪ ስለነበረ አዋጁ አይመለከተውም» የሚሉት እዚያ ናቸው፤ ዳኛው ከተቀበሏቸው ዋናው ጉዳይ ሳይነካ መዝገቡ ይዘጋል። የሥራ መሪ የሚያሰኘው የመደቡ ስም ሳይሆን የመቅጠር፣ የማሰናበትና የመሳሰለው ሥልጣን ነው፤ በእጅዎ የነበረውን ሥራ በዝርዝር ይንገሩ። መልሱ የደረሰዎት በችሎቱ ዕለት ከሆነ «ሰነዱን አሁን ነው ያየሁት፣ አንብቤ እንድመልስ ጊዜ ይሰጠኝ፣ ይህም ይመዝገብልኝ» ይበሉ። ባላዩት ወረቀት ሊፈረድብዎት አይገባም፤ ዝም ካሉ ግን እንዳዩት ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ ታምሜ ቀጠሮ አለፈኝ። አበቃልኝ ማለት ነው?

መልስ፦ ሁለታችሁም ካልቀረባችሁ መዝገቡ ይዘጋል፣ ሊከፈትም ይችላል። ከባዱ ድርጅቱ ቀርቦ ክሱን ክዶ እርስዎ ሲቀሩ ነው፤ ክሱ ይሰረዛል፣ በዚያው ጉዳይ አዲስ ክስ መመሥረትም አይቻልም። ውሳኔው ይነሣልኝ የሚል ማመልከቻ በ1 ወር ውስጥ፣ ያን ዕለት መታከምዎን ከሚያሳይ የሐኪም ማስረጃ ጋር ያስገቡ። ወደፊት መቅረት የሚያሰጋዎት ከሆነ ለባል፣ ለሚስት፣ ለወንድም፣ ለልጅ ወይም ለአባት ውክልና መስጠት ይፈቀዳል። በፍርዱ ካልረኩ ግን የይግባኙ ጊዜ 30 ቀን ብቻ ስለሆነ የፍርዱን ግልባጭ በተነበበበት ቀን ይጠይቁ።