ወጣቱን ጅማ የሚያስቀር ፖሊሲ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክና ስለ ወጣት ባለሙያ የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እንዲህ መልሻለሁ። ሥራዬ የሠራተኛ ቅጥር ስለሆነ የማየው ከዚያ በኩል ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፓርኩ ተመርቆም ምሩቃን አሁንም አዲስ አበባ ነው የምንሮጠው። ችግሩ ደሞዝ ብቻ ነው?

መልስ፦ ደሞዝ አለበት፣ ግን ብቻውን አይደለም። ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ሲመረቅ ባለሀብቱን የተሠራ ሼድ (የፋብሪካ አዳራሽ) እና የግብር እፎይታ ይጠብቁት ነበር። ለወጣቱ በዚያ ልክ የታሰበለት አይመስለኝም። ጅማ ልቅር አልቅር የሚል ልጅ የሚያሰላው የቤት ኪራዩን፣ መመላለሻውንና ከሁለት ዓመት በኋላ የት እንደሚደርስ ነው፤ ለመጨረሻው መልስ ካጣ ደሞዙ ቢጨመርለትም ይሄዳል። ስለዚህ ማበረታቻ የሚወስድ ድርጅት ስንት የአካባቢ ልጅ ቴክኒሻንና ሱፐርቫይዘር እንደሚያደርግ በውሉ ይፈርም። ካልፈጸመ ማበረታቻው ይቀነስበት።

ጥያቄ፦ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል በሕግ የለም እንዴ?

መልስ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ቁጥር አላስቀመጠም። የደሞዝ ቦርድ በሚወጣ ደንብ ይቋቋማል ነው የሚለው። መጠየቅ ያለብን እሱን ነው።

ጥያቄ፦ የሙከራ ጊዜሽ ስድስት ወር ነው አሉኝ። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ እሱም በጽሑፍ መሆን አለበት። ጡረታሽንም ጠይቂ፦ ካንቺ 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ።

ጥያቄ፦ ማስታወቂያው ሁሉ የሥራ ልምድ ይላል። ዜሮ ዓመት የሆንን የት እንሂድ?

መልስ፦ እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ማኅበረሰቡ ውስጥ አስገብቶ በማስተማር የታወቀ ነው፤ የጤና ተማሪ ገጠር ወርዶ ሲሠራ የቂጦ ፉርዲሳው (የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ) የምህንድስና ተማሪ ደግሞ ሙሉ ሴሚስተር ፋብሪካ ውስጥ፣ አበል እየተከፈለው፣ ማሽን እየነካ ቢቆይ ምን ይከለክላል? ያ ጊዜ በሥራ ልምድነት ይያዝለት። ወረቀት ለማስፈረም ብቻ የሚኬድበት ኢንተርንሺፕ ግን ማንንም አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ እኔ ሶፍትዌር ነው የተማርኩት። ስፌት ውስጥ ምን አደርጋለሁ?

መልስ፦ የልዩ ኢኮኖሚ ዞን (ለኢንቨስትመንት የተለየ ሕግና ማበረታቻ ያለው አካባቢ) አዋጅ 1322/2016 ከፋብሪካ ባሻገር ንግድና አገልግሎትንም ያቅፋል። ቡናው ደጃችን ነው። ቅምሻው፣ ላቦራቶሪው፣ ማሸጊያው፣ የኤክስፖርት መረጃው ሁሉ የተማረ ሰው ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ የማታ ፈረቃ ለሴት ልጅስ?

መልስ፦ ያለ ሰርቪስ አይታሰብም። በጨለማ ባጃጅ ፈልጊ ማለት ሥራ ልቀቂ ማለት ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት በአዋጁ ክልክል ነው። ሰርቪሱ እስከ ሰፈር ድረስ እንዲገባ ከመፈረማችሁ በፊት በውሉ አስጽፉት።